የጠፉት አራት ሰከንዶች

"በቃ፣ ደረስኩ!" አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

እህቱ የሩጫ ሰዓቱን ተጭና አየችው። አንድ ደቂቃ ከሠላሳ ስምንት ሰከንድ። ክው ብላ ቀረች።

መኪናዋ ከጋራዡ ወለል ንቅንቅ አላለችም፤ ሞተሯም አልተነሳም። ሹፌሩ ግን መሪውን ጨብጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፔዳሉን እየረገጠ የውድድሩን መንገድ አንድ ዙር በሐሳቡ ነድቶ መመለሱ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከውድድር በፊት እንዲህ ያደርጋል፤ መካኒኳ ታላቅ እህቱ ደግሞ ሰዓት ትይዝለታለች። ጉድ እኮ ነው፣ በሐሳቡ የሚነዳውና በጎማ የሚነዳው ከግማሽ ሰከንድ በላይ ተለያይቶ አያውቅም። ስንቱ እሳት የላሰ ጎረምሳ መጥቶ ሁለት ዓመት ሳይሞላው እልም ሲል እሱን ያቆየው ይኸው ነው።

"ስንት መጣ?"

"ሠላሳ ስምንት።"

"ፈጠንኩ ማለት ነዋ!"

"እሰይ! ቁጭ ብለህ ክብረ ወሰን ሰበርክ። ይቺ መኪና በዕድሜዋ ከአርባ ሁለት ወርዳ አታውቅም። አራቱን ሰከንድ የት ጣልካቸው?"

ዓይኑን ገልጦ ሰዓቱን አየ።

"እስቲ ሰባተኛዋ ኩርባ ላይ ፍሬን የት ያዝክ?"

መንገዱን በሐሳቡ መልሶ ፈለገው። ስድስተኛዋን ያስታውሳል፤ ከዚያ ራሱን ያገኘው ስምንተኛዋ ላይ ነው። ከሁለት ወር በፊት መኪናዋ ተገልብጣበት ሩብ ሰዓት በቀበቶው የተንጠለጠለባት ኩርባ በሐሳቡ የለችም። የጎድን አጥንቱ ገጥሟል፣ ሐኪሙም ይንዳ ብሎ ፈርሟል። ፈርቷል፤ መፍራቱን ግን ለራሱም አልነገረም ነበር።

"ዘልያታለሁ፣ እትዬ" አለ። "በሐሳቤ እንኳ አልገባሁባትም።"

"መኪናዋን እኔ ጠግኛታለሁ" አለች፣ እጇን በጨርቅ እየጠረገች። "ይሄኛው ጋ ግን መፍቻዬ አይደርስም።"

በዕድሜ ልጁ ሊሆን የሚችለው የቡድኑ አለቃ በሩ ላይ ብቅ አለ። "ጋሼ፣ ማጣሪያው ሊጀመር ነው! ዐሥር ደቂቃ!"

"ዛሬ አልነዳም።"

"ኧረ ቀልዱን ተወኝ! ዛሬ ሰዓት ካላስመዘገብክ እሁድ የምትነሳው ከሁሉም ኋላ ነው። ስፖንሰሮቹ ለከርሞ ሌላ ሹፌር ይምጣ እያሉ እንደሆነ ታውቃለህ።"

ያውቃል እንጂ! ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ያደረው በዚሁ አይደል? እህቱን አያት። እሷ አቀርቅራ መፍቻዎቿን ትደረድራለች፤ ውሳኔውን ለእሱ ተወችለት።

"ከኋላ እነሳለሁ" አለ።

አለቃው በስጨት ብሎ ስልኩን እያወጣ ሄደ። ሹፌሩ ከመኪናዋ ወርዶ ሄልሜቱን መቀመጫው ላይ አስቀመጠ፤ የመንጃ ጫማውን አውልቆ የዘወትር ሸራ ጫማውን አጠለቀ።

"እትዬ፣ ሰዓቱን እንዳትረሺው።"

"ወዴት ልንሄድ?"

"ማጣሪያው አልቆ መንገዱ ሲከፈት፣ በእግራችን ሰባተኛዋ ጋ። እዚያው ቆሜ ዓይኔን ጨፍኜ ዙሩን እነዳለሁ፤ አርባ ሁለት እስኪመጣ ወደ ቤት አንሄድም።"