የማይዘጋ ጆሮ

ሰው በገዛ ድምፁ ይሰለቻል? እኔ ተሰላችቻለሁ። ዐቢይ ጾም ከገባ ወዲህ ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ የራሴ ትንፋሽ ይነፍሳል። አፌን ስከፍት ድምፄ በርሜል ውስጥ ገብቶ እንደሚጮህ ሰው ያስገመግማል። ዲማ አጠገብ ድጓ አስተምራለሁ፤ ያለ ጆሮ ምን መምህር ይኮናል?

ደቀ መዝሙሬ ሀይለመለኮት ትምህርቱን ጨርሷል። ለፋሲካ ይጁቤ ያሉ ወላጆቹ ዘንድ መግባት ይፈልጋል፤ «በቅተሃል» ማለት ያለብኝ ግን እኔ ነኝ። አብሬው ሳዜም ጩኸቴ የእሱን ይሸፍነዋል። ዝም ብዬ ላዳምጠው ስል ደግሞ ትንፋሼ አለ። ምን ሰምቼ ልመስክርለት?

መጀመሪያ የኃጢአቴ ነው ብዬ ጾሙን አጠበቅሁት። እንጀራውን ትቼ ጥሬ ሽምብራ ቆረጠምኩ፣ ውኃውንም ቀነስኩ። ቀሚሴ ሰፋኝ፤ ጆሮዬም ባሰበት።

ቢቸግረኝ ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። ዶክተር እስከዳር የምትባል ወጣት ሐኪም እያስተነፈሰች ጆሮዬን አየችው።

«ከአፍንጫዎ ጀርባ ወደ ጆሮዎ የሚሄድ ቀጭን ቱቦ አለ፤» አለችኝ። «ሲውጡና ሲያዛጉ ተከፍቶ ወዲያው ይዘጋል። የእርስዎ አልዘጋ ብሏል። ሰው በአንዴ ሲከሳ፣ ውኃም ሲያጥረው እንዲህ ያደርጋል። ከስተዋል፣ መሪጌታ?»

«ጾም ነው፣ ልጄ።»

«ውኃ በደንብ ይጠጡ፣ ሰውነትዎንም ይመልሱ። ሲብስብዎ ጋደም ይበሉ ወይም አንገትዎን ይድፉ፤ ያን ጊዜ ይዘጋል።»

መሣቅ አማረኝ። እድንበታለሁ ያልኩት ነው ለካ የሚያሳምመኝ። የንስሐ አባቴ ለታመመ አልተከለከለም ብለው ፈቀዱልኝ። ያልፈቀድኩት እኔ ነኝ። ውኃውን በቅል አስቀምጬ ሳየው እውላለሁ። ማን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ተማሪዎቹ ፊት ይጠጣል?

ትናንት ረፋድ ላይ ሀይለመለኮት ሊያዜምልኝ ቆመ። ደክሞኝ ነበር፤ ከራሴ ጋር መሟገቱም አድክሞኛል። አጎዛዬ ላይ ተጋደምኩ። ልጁ ደነገጠ፤ መምህር ተኝቶ ሲያዳምጥ አይቶ አያውቅም።

«የኔታ፣ ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆንኩ። አንተ በል።»

ጆሮዬ ጸጥ አለ። ከስንት ሳምንት በኋላ የእሱን ድምፅ ብቻ ሰማሁ። ዜማውን አልሳተም። ማረፊያው ላይ ሲደርስ ግን አንገቱን ይደፋና ድምፁን ወደ ጉሮሮው ይመልሰዋል። ሁልጊዜ፣ እዚያው ቦታ ላይ።

እንዲህ አድርጌ አላስተማርኩትም አልኩ በልቤ። ወዲያው ገባኝ። ጩኸቱን ሽሽት አንገቴን እየደፋሁ ድምፄን የምውጠው እኔ ነኝ። ልጁ ሕመሜን አጥንቶታል። ነገ መምህር ሲሆን ለሌላው ያስተላልፈዋል። አፈርኩ፣ አዘንኩም።

«ከመጀመሪያው እንመለሳለን፤» አልኩት። «ማረፊያውን ቀና ብለህ ታወጣዋለህ። በፊት ግን ያን ቅል አቀብለኝ።»

ቅሉን ይዞ ቆመ። በበሩ ፀሐይዋን አየ፣ ከዚያ እኔን። እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩትና እፊቱ ጠጣሁ።