የኮንጋዋ «ዶክተር»

ሳሮን ጴጥሮስ ዶክተር የሆነችው አንድ ቀን እንኳ ሕክምና ሳትማር ነው። የሾሟት አባቷ ናቸው፤ ሹመቱም የጸደቀው እሑድ ጠዋት፣ ኮንጋ ባለው ቤተ ክርስቲያን፣ በምስክርነት ሰዓት፣ ጉባኤው እልል እያለ ነው። አቶ ጴጥሮስ ተነሥተው «ጌታ ልጄን ለዶክተርነት መርጧታል!» አሉ፤ አለቀ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ እንዲህ ብሎ ከተናገረ በኋላ ማን ደፍሮ «ቆይ እስቲ፣ ውጤቱ ወጥቷል ወይ?» ይላል?

ውጤቱማ አልወጣም ነበር። ሳሮን ዲላ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ፣ የምትገባበትን የትምህርት ክፍል መርጣ፣ ለእረፍት ቤቷ የመጣችው ያን ሰሞን ነው። በገዛ እጇ አንደኛ አድርጋ የመረጠችው ደግሞ ነርሲንግን ነው። ካቻምና እናቷ ዲላ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው አስታማሚያቸው እሷ ነበረች። ሐኪሙ ብቅ ባለ ቁጥር እናቷ ይደነግጣሉ፤ ነርሷ ስትመጣ ግን ዐይናቸውን ጨፍነው ያርፋሉ። ሳሮን ልቧ የቆረጠው ያኔ ነው። ውጤቱ ወጥቶ የፈለገችው ሲደርሳት ታዲያ ደስታዋን ዋጥ አድርጋ ዝም አለች። አባቷ ጉባኤ ፊት ተናግረዋል፤ እንዴት ታድርግ? ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስትል ሳምንቱ ሄደ።

በዚህ መሐል አቶ ጴጥሮስ ይርጋጨፌ ሄደው ልብስ ሰፊው ሙሐሲን ዘንድ ነጭ ጋውን አሰፉላት። አሰፍተውስ ቢተዉ ምን ነበረበት! ደረቱ ላይ በሰማያዊ ክር «ዶ/ር ሳሮን ጴጥሮስ» አስጠለፉበት እንጂ።

የሰፈሩ ሰው ደግሞ፣ አይ ሰው! ልትማር ነው ሲባል ተምራ ጨርሳለች ብሎ ያዘው። ጠዋት ጠዋት ደጃቸው ሰልፍ ሆነ። አንዱ ጆሮዬን አመመኝ ይላል፤ አንዷ ጊዜው ያለፈበት ሽሮፕ ይዛ ትመጣለች፤ አንዱማ የምታነክስ ፍየሉን ጎትቶ መጥቶ «እስቲ ይቺን እያት» አላት። ሳሮን «ኧረ እኔ ገና አልጀመርኩም!» ስትል ሰው ይስቃል፤ ትሕትናዋ ነው ይላል። አባቷም ደረታቸውን ነፍተው ለበሽተኛው ሁሉ በረንዳ ላይ ወንበር ያቀርባሉ።

ረቡዕ ከሰዓት እማማ ማሚቱ መጡ። ጎረቤት ናቸው፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ከምትሠራው ልጃቸው ከአሰገደች ጋር ነው የሚኖሩት። ደም ግፊት ስላለባቸው በየጠዋቱ ክኒን ይውጣሉ።

«ሳሮንዬ፣ የኔ ዶክተር» አሉ፣ «ከነገ ጀምሮ የሦስት ቀን ጾም ጸሎት አለብን። ክኒኑን በባዶ ሆዴ ስውጠው ያጥወለውለኛል። እስከ እሑድ ብተወው ምን ይለኛል?»

ሳሮን «ጤና ጣቢያ ሄደው ቢጠይቁ» ልትል አፏን ከፈተች። አባቷ ቀደሟት።

«ዶክተር ቤታችን ተቀምጣ ጤና ጣቢያ ምን ያደርጋል?» ብለው ሳቁ። «ንገሪያቸው እንጂ፣ ልጄ!»

ወይ ጣጣ! በረንዳው ላይ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ አፍ አፏን ያያሉ። አባቷ በሕይወታቸው እንዲህ ሲኮሩ አይታቸው አታውቅም። «አላውቅም» ማለት አንዲት ቃል ነበረች፤ ያቺኑ አንዲት ቃል ግን አላለቻትም።

«ለሦስት ቀን… ችግር የለውም» አለች።

እማማ ማሚቱ መርቀዋት ሄዱ። የሳሮን ልብ ግን አልረጋም። ስልኳን ከፍታ ስለ ክኒኑ ልታነብ ሞከረች፤ ኔትወርኩ እንቢ አለ። ሐሙስ ማለዳ «ተሳስቻለሁ፣ ክኒንዎን ይዋጡ» ልትላቸው ተነሣች፤ እማማ ማሚቱ ግን ቀድመው ጸሎት ቤት ገብተዋል። በሩ ድረስ ሄደች። ውስጥ ሰው ተንበርክኮ ያለቅሳል፣ ይጸልያል። ከዚህ መሐል እንዴት ጠርቼ ላስወጣቸው? ሰው ምን ይለኛል? ደግሞስ ሦስት ቀን ምን አላት! እያለች ራሷን አባብላ ተመለሰች። እናንተዬ፣ ሰው ራሱን ሲያባብል እንዴት ይዋጣለታል! ዐርብም ቅዳሜም ሻንጣዋን ስታዘጋጅ፣ ጫማዋን ስታጥብ፣ አንሶላዋን ስታጣጥፍ ዋለች፤ እጇ ሥራ ላይ ነው፣ ጆሮዋ ግን ጎረቤት ነበር። አንድ ጊዜ አሰገደች በአጥር በኩል ጮክ ብላ ስትጠራት ልቧ ቀጥ አለ። አሰገደች ግን ባልዲ ልትዋስ ነበር የፈለገቻት።

እሑድ «ጋውኑን ልበሺ» ተባለች። ዩኒቨርሲቲው ሰኞ ስለሚመዘግብ ጉባኤው ጸልዮላት ሊሸኛት ነው። ነጭ ጋውኗን ለብሳ ፊት ቆመች። ወንጌላዊ ሽብሩ እጃቸውን ጭነውባት ይጸልያሉ፤ አባቷ «አሜን! አሜን!» ይላሉ። ሳሮን ዐይኗን አልጨፈነችም። ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ግንባራቸውን በመዳፋቸው የያዙትን እማማ ማሚቱን ነው የምታየው። በቃ፣ አሁን ሲያልቅ በቀጥታ ወደሳቸው እሄዳለሁ፣ ክኒኑን ዛሬውኑ ያስዋጥኳቸው እንደሆነ ይበቃል፣ ትላለች በልቧ።

ጸሎቱ ሲያበቃ እማማ ማሚቱ ሊመርቋት ራሳቸው ተነሡ። «ልጄ» አሉ፤ ቀጥሎ የመጣው ግን ቃል አልሆነም። ምላሳቸው ተሳሰረ። አፋቸው ወደ ግራ ተጣመመ፤ ቀኝ እጃቸው ተንጠለጠለ፤ ከዚያ በጎናቸው መሬት ላይ ዘፍ አሉ።

«ወይኔ እናቴ!» ብላ አሰገደች ጮኸች።

ግማሹ «በኢየሱስ ስም!» ይላል፤ ግማሹ ውሃ አምጡ ይላል። አንድ ሰው «መኪና ፈልጉ፣ ከተማ እናድርሳቸው!» ብሎ ወደ በሩ ሮጠ። ደግ አስቦ ነበር። ወዲያው ግን ከኋላ ሌላ ድምፅ መጣ።

«ምን ከተማ ያስኬዳል? ዶክተራችን አለች አይደል!»

አለች! እንዴት ረሳናት! ሰው ሁሉ ወደሷ ዞረ፤ መንገድ ተከፈተላት። በሩ ላይ የደረሰውም ሰውዬ ተመልሶ ቆመ።

ሳሮን ተንበረከከች። የእማማ ማሚቱን ቀኝ እጅ አነሣች፤ ስትለቀው ወደቀ። ከዚህ ሌላ ምን እንደሚደረግ አታውቅም። «ዝም በሉ፣ እየሠራች ነው!» አለ አንዱ። እየሠራች! ሴትዮዋ መሬት ላይ ያጣጥራሉ፤ መንደሩ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ የማታውቀውን ሥራ ይጠብቅባታል። ማንም አይንቀሳቀስም፤ ማንም መኪና አይፈልግም። ለምን ይፈልጋል? ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው አጠገባቸው ተንበርክኳል።

«ዶክተር፣ ምን እናድርግ?» አሏት ወንጌላዊ ሽብሩ።

ቀና ስትል መጀመሪያ ያየችው የአባቷን ፊት ነው። አቶ ጴጥሮስ አልደነገጡም፤ ልጃቸው እስካለች ምን ያስደነግጣቸዋል? እንዲያውም «አይዞሽ» እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁላት። ሳሮንን ከሕመሙ ይልቅ ያ እምነታቸው አስፈራት።

«ዶክተር አይደለሁም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ዶክተር አይደለሁም! የመረጥኩት ነርሲንግ ነው፤ እሱንም ገና አልጀመርኩም። ምንም አላውቅም! እባካችሁ እኔን አትጠብቁ፣ መኪና ፈልጉ! አሁኑኑ ሆስፒታል አድርሷቸው!»

ጉባኤው ክው አለ። የአቶ ጴጥሮስ ፊት ጠቆረ። ሰውዬው ግን እንደገና ወደ በሩ ሮጠ፤ ያን ቀን ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነበር።

የቡና ማጠቢያው ፒካፕ ተገኘ። እማማ ማሚቱን የኋላ ወንበር ላይ አስተኝተው አሰገደች ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አደረገች፤ ሳሮንና አባቷ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ወጡ። ይርጋጨፌ ጤና ጣቢያ ያሉት ባለሙያዎች አይተዋቸው «ቶሎ ዲላ!» ብለው ላኳቸው። መኪናው ይከንፋል። በየኩርባው ሳሮን የብረቱን ጠርዝ ሙጭጭ አድርጋ ይዛ፣ አምላኬ እንዳይሞቱ፣ እንዳይሞቱ ብቻ ትላለች። ዲላ ሊደርሱ ሲሉ፣ ጪጩ ላይ፣ አቶ ጴጥሮስ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«ስለ ክኒኑ ግን አፍሽን እንዳትከፍቺ። ዛሬ ያዋረድሽኝ ይበቃኛል። አሰገደች አታውቅም፤ በረንዳ ላይ የሰሙትም ነገሩን ከዚህ አያገናኙትም። ሴትዮዋ እንደሆኑ አርጅተዋል።»

ሳሮን በመስኮቱ በኩል እማማ ማሚቱን አየች።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበለቻቸው ነርስ ሲስተር ተናኘወርቅ ትባላለች፤ ቀልጣፋና ኮስታራ ሴት ናት። የደም ግፊታቸውን እየለካች የሳሮንን ደረት አነበበች።

«ዶክተር፣ ከየት ነው ያመጣሻቸው? የሰጠሻቸው ነገር አለ?»

«ዶክተር አይደለሁም» አለች ሳሮን። ለሁለተኛ ጊዜ ሲሉትም አይቀልም። ጋውኑን አውልቃ ጠቅልላ በብብቷ ያዘችው።

ሲስተሯ ገላምጣት ወደ አሰገደች ዞረች። «ግፊታቸው በጣም ከፍ ብሏል። መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«አዎ፣ በየጠዋቱ።»

«አላቋረጡም?»

አሰገደች በንጋት ወጥታ ሲመሽ ነው የምትገባው፤ ምኑን አይታ! «እናቴ አታቋርጥም» አለች።

አቶ ጴጥሮስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሳሮን ያቺን ጉሮሮ መጥረግ ታውቃታለች፤ በልጅነቷ እንግዳ ፊት «ዝም በይ» የሚሏት በሷ ነው። ዝም ካለች ነገሩ እዚሁ ይቀበራል። ነገ ትመዘገባለች፤ እማማ ማሚቱ ቢሞቱም ጉባኤው ጌታ ወሰዳቸው ብሎ ይቀብራል፤ ማንም ጣቱን አይቀስርባትም። ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ታያት፤ ሲታያትም ራሷን ፈራች።

«አቋርጠዋል» አለች። «ከሐሙስ ጀምሮ አልዋጡም። ጠይቀውኝ ነበር፤ ችግር የለውም ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

አሰገደች ዞር ብላ አየቻት። ሲስተር ተናኘወርቅ «ከሐሙስ!» አለችና ሐኪሙን እየተጣራች በሩጫ ወደ ውስጥ ገባች፤ ቁጣዋን ለሌላ ጊዜ አቆየችው።

እማማ ማሚቱ አልሞቱም። ሰኞ ጠዋት ዐይናቸውን ገለጡ፤ ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ግን አልታዘዝ አሏቸው። ይህንን የሰሙት ሳሮንና አባቷ ከዘመድ ቤት አድረው ሲመጡ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ነው። ሳሮን ባለችበት ቆመች።

«አልመዘገብም፣ አባባ።»

«እንደሱ ይሻላል» አሉ አቶ ጴጥሮስ ዐይኗን ሳያዩ። «ጠይቀናቸው ወደ ቤታችን እንሂድ።»

አሰገደች ክፍሉ በር ላይ ቆማ ነበር። እንቅልፍ በዐይኗ አልዞረም፤ ዐይኗ ደም መስሏል።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለች ሳሮን። «ትምህርቱንም ትቼዋለሁ። ከእንግዲህ በሽተኛ አጠገብ አልደርስም።»

«ተውሽው?» አለች አሰገደች። «ታድለሽ! አንቺ ትተሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ፤ እኔስ የት ልግባ? እጅ የላት፣ እግር የላት! ማን ያገላብጣታል? ማን ያጥባታል? ኮንጋ ውስጥ ይሄን የሚያውቅ አንድ ሰው አሳዪኝ! ይቅርታሽን ምን ላድርገው? ሄደሽ ተማሪና ተመልሰሽ እናቴን አስታሚልኝ! አሁንስ ምን ይገትርሻል? ግቢና ያዢልኝ፣ አንሶላዋ ርሷል!»

ሳሮን ገባች። እንዴት እንደምትይዝ ግራ ገብቷት በቀኝ ክንዳቸው በኩል ልትስባቸው ስትል አልጋው አጠገብ የነበረችው ሲስተር ተናኘወርቅ ጮኸችባት።

«በክንዳቸው አትጎትቺ! ትከሻቸውን ልታወልቂው ነው? አንዱን እጅሽን ከጀርባቸው ሥር፣ ሌላውን ከዳሌያቸው ሥር አስገቢ። እንደሱ። በይ ወደ ራስሽ፣ ቀስ ብለሽ።»

እማማ ማሚቱ ይከብዳሉ። ጀርባቸው ይሞቃል፣ አንሶላው ቀዝቅዟል። በተጣመመው አፋቸው አንድ ነገር ሊሉ ታገሉ፤ ታግለው ታግለው «ዶክ… ተር» አሉ።

«ነርስ፣ እማማ» አለች ሳሮን እንባዋ እየወረደ። «እሱንም ገና ልማር ነው።»

በሩ አጠገብ የአቶ ጴጥሮስ ስልክ ጮኸ። የደወሉት ወንጌላዊ ሽብሩ ናቸው።

«ሃሎ፣ ወንጌላዊ። አዎ፣ ነቅተዋል፣ ጌታ ይመስገን። ማን? ዶክተሯ ምን አለች?» ብለው ወደ አልጋው አዩ። «ዶክተር የለንም፣ ወንጌላዊ። ልጄ ነርስ ልትሆን ነው። አዎ፣ ነርስ። ዛሬ ትመዘገባለች።» ድምፃቸው ተሰባበረ። «ሌላም ነገር አለ። ክኒኑን ያስተውናቸው እኛ ነን። አይ፣ እሷ ብቻ አይደለችም። ጤና ጣቢያ ምን ያደርጋል ያልኩት እኔ ነኝ። ኧረ ለማንም አይንገሩልኝ፤ እሑድ ራሴ ቆሜ እናገረዋለሁ።»

ሳሮን አባቷን ልታይ ቀና አለች።

«ወዴት ነው?» አለቻት ሲስተር ተናኘወርቅ። «ያዢ እንጂ፣ አልጨረስንም!»

ጎንበስ ብላ ያዘች።