ያልተሸፈነ መስታወት

«የመኝታ ቤቱንስ ሸፈንሽው?» አለች ቹ ሊ፣ የሟች ታላቅ እህት፣ ከወንበሯ ሳትነሳ። «አስከሬን ባለበት ቤት መስታወት ተከፍቶ አይውልም። ሬሳ ሣጥኑን በመስታወት ያየ ሰው ቀጣዩ እሱ ነው። ኋላ አልነገርሽኝም እንዳትዪ!»

«ሸፍኛለሁ፣ እትዬ።»

ጌክ ኒዮ የቁም ሣጥኑን መስታወት፣ የመታጠቢያ ቤቱን፣ የቴሌቪዥኑን ፊት ሳይቀር በቀይ ወረቀት ሸፍና ጨርሳለች። ባሏ ኪያን ሴንግ ሳሎኑ መሃል ሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ተጋድሟል። ሴቶቹ ክብ ጠረጴዛ ከበው ለወዲያኛው ዓለም ስንቅ የሚቃጠልለትን ብርማ ወረቀት ያጣጥፋሉ። ወንዶቹ ድንኳኑ ሥር ኦቾሎኒ እየፈለፈሉ፣ ወተት የሌለው ቡናቸውን እየጠጡ ስለ ከተማቸው ስለ ፔናንግ የቤት ኪራይ ይጨቃጨቃሉ።

ድንገት የጠረጴዛው ወሬ ቀጥ አለ። ሚስ ሂልዳ በር ላይ ቆማለች።

«መጣች» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው እንዴ?» አለች ሌላዋ፣ ሣቋን በወረቀቱ እየሸፈነች።

ጌክ ኒዮ ሰምታለች። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል ማለት ነው።

ሚስ ሂልዳ ጡረታ የወጣች የታሪክ መምህርት ናት፤ ባል አላገባችም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ኪያን ሴንግ የሚሰበስባቸውን የእንግሊዝ ዘመን የብር ሳንቲሞች ለማየት ትመጣ ነበር። ከእሱ ጋር በረንዳው ላይ አንገት ለአንገት ገጥመው በማጉያ መነጽር ሲያዩ፣ ሲከራከሩ፣ ሲሳሳቁ ይውሉ ነበር። ኪያን ሴንግ ሚስቱ ዘንድ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር፤ ሂልዳ ስትመጣ ግን አፉ ይፈታ ነበር። እንግሊዞች የሜክሲኮን ብር ከገበያ ለማስወጣት የራሳቸውን የብር ዶላር ሕንድ፣ ቦምቤይ እንዳስመቱት፣ ወዲያው የብር ዋጋ ሲንር ሰብስበው አቅልጠው በትንንሹ እንደሠሩት ይተርክ ነበር። ጌክ ኒዮ ያንን ታሪክ በቃሏ የያዘችው ወጥ ቤት ሆና፣ ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ለእሷ አንድ ቀን እንኳ ተነግሯት አያውቅም።

ከሁሉም የምትጠላው አንዱን ዶላር ነው። የኪያን ሴንግ አባት የቅኝ ገዢዎቹ ገንዘብ ቤት ጸሐፊ ሳሉ ያገኙት፣ ለገበያ ሳይሆን ለናሙና የተመታ፣ ንጉሥ ኤድዋርድ ጉንጫቸውን ነፍተው የተቀረጹበት ነው። ብሩ ከመመታቱ በፊት በደንብ ስለተወለወለ በንጉሡ ዙሪያ ያለው ባዶ ቦታ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ኪያን ሴንግ በከፋይ ጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጠው ነበር።

በተጋቡ ሰሞን የተከራዩት ክፍል መስታወት አልነበረውም። ወደ ሰርግ ሊሄዱ ሲሉ ኪያን ሴንግ ዶላሩን በሁለት ጣቶቹ ጠርዙን ይዞ ፊቷ ላይ ደገነላት። «በዚህ እያየሽ ጉትቻሽን አድርጊ፣ የእኔ እመቤት» አላት። እሷ እየሳቀች ወደ ራሷ ልትስበው ያዝ አደረገችው።

«ጠርዙን! ጠርዙን ያዢ እንጂ!» ብሎ ጮኸባት። እንዲያ ጮኾባት አያውቅም። ሰርጉ ላይ በአንድ ጆሮዋ ብቻ ጉትቻ አድርጋ ዋለች። ከዚያ ወዲህ ዶላሩን ነክታው አታውቅም፤ ጣውንቴ ትለዋለች፣ በሆዷ። ጣውንቷን ደግሞ ሌላ ሴት በየቅዳሜው እየመጣች ስታሽሞነሙንላት ኖራለች።

ሚስ ሂልዳ ለአስከሬኑ እጅ ነሥታ ስታበቃ ጌክ ኒዮ አጠገብ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል። ማልቀሷ ራሱ ጌክ ኒዮን አናደዳት፤ ማን ፈቀደላት?

«ጌክ ኒዮ፣ ጊዜው አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን... ዶላሩ ደህና ቦታ ነው ያለው?»

ጌክ ኒዮ እጇን ይዛ ወደ መኝታ ቤት ጎተተቻት፤ በሩን ዘጋች፤ ከመሳቢያው የከፋዩን ጨርቅ አወጣች። ስንት ዘመን «እርስዎ» ያለቻትን ሴት ዛሬ አንቺ አለቻት።

«እንኪ! ባሌን ወስደሽ የለ፣ ይሄ ቀርቶብሽ? ስንቴ በእጅሽ አስያዘሽ? ንገሪኝ!»

«እኔን?» አለች ሂልዳ። «በጣቴ ነክቼው አላውቅም። እሱ ይይዛል፣ እኔ አያለሁ። ሽጥልኝ ብዬ ያልለመንኩት ቀን የለም። ለባልሽ የመጣሁ መስሎሽ ነው? ባልሽማ ሲያንኮራፋ ወንበሩ ላይ ጥዬው እሄድ ነበር!»

ጌክ ኒዮ መሣቅ አማራት፤ አልሣቀችም።

«ታዲያ ለምን አልሸጠልሽም?»

ሂልዳ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ዶላሩን ሳትነካ አሳየቻት። «ይኸውልሽ፣ ከንጉሡ ጉንጭ አጠገብ። ይሄ ቡናማው። አውራ ጣት ነው፤ በጊዜ ብዛት ብሩን በልቶታል። ዋጋውን የገደለው እሱ ነው። ማስለቀቂያ መድኃኒት አለኝ፣ ልሞክርለት ብዬ ብጠይቀው አንድ ሰሞን በሩን ዘጋብኝ። ‹የሚስቴ ጣት ነው› አለኝ። ‹እሱ ከለቀቀ ዶላሩ ምን ያደርግልኛል?› አለኝ።»

ጌክ ኒዮ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ያንን ሰሞን ታስታውሰዋለች፤ ሂልዳ ቀርታ ቅዳሜውን ሙሉ ብቻውን በረንዳው ላይ ተኮራምቶ የዋለበትን። ደስ ብሏት ነበር፤ ዓሣ ጠብሳ አብልታዋለች። ያኔ እንኳ ቃል አልተነፈሰም።

አሁን ደስ ሊላት በተገባ። ቅናቱ ግን እንደ አዲስ ቆጠቆጣት። ቃሉ የእሷ ነበር፤ የሰማችው ሌላ ሴት ናት።

«ለእኔ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?» አለች፣ እንባዋ እየቀደማት። «ለአንቺ ነገረሽ። ለእኔ የተወልኝ ጩኸቱን ብቻ ነው።»

ሂልዳ ጨርቁን ከነዶላሩ ጭኗ ላይ አኖረችላት።

«ምን ታደርጋላችሁ እዚያ?» የቹ ሊ ድምፅ ከሳሎን መጣ። «የቀረ መስታወት አለ እንዴ?»

ጌክ ኒዮ ዶላሩን አየችው። ከንጉሡ ፊት ለፊት የእሷ ያበጠ ዓይን፣ ጉትቻ የሌለው ጆሮዋ ይታያል። ከጨርቁ አነሣችው።

«ጠር...» ብላ ሂልዳ ጀመረችና አፏን በእጇ ያዘች።

«አንድ ቀርቷል፣ እትዬ» አለች ጌክ ኒዮ። አውራ ጣቷን በቡናማው አሻራ ላይ አሳረፈች፤ ንጉሡንም መስታወቱንም ሸፍና፣ ጫን አድርጋ ያዘችው።