የማሽኑ እንቅልፍ

«በእሱ የቡና ማሽን አንዳንድ ስኒ ብታጠጡን ምን ነበረበት?» አለ ፍሳሽ፣ ባዶ ስኒውን እያገላበጠ። «የሟች ነፍስም ደስ ይላት ነበር።»

ፍሳሽ የሟቹ የረጅም ዘመን ባልደረባ፣ የውሃ ክፍል የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ቅጽል ስሙን ከሥራው ያግኘው ከአፉ በውል የሚያውቅ የለም። ምስጢር የሚባል ነገር ሆዱ ውስጥ አድሮ አያውቅም።

የሟቹ ሚስት ፔርሙዟን እንደያዘች በለቀስተኛው መካከል ቀጥ ብላ ቆመች።

«ተበላሽቷል» አለች። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ከተበላሸ ቆይቷል» ስትል ጨመረች።

በውሰት ከመጡት ወንበሮች አንዱ ላይ ጥግ ይዛ የተቀመጠችው የሟቹ ልጅ ቀና አለች። ከሌላ ከተማ ለቀብር የመጣች ኦዲተር ናት። የሰው ቃልና የሰው ሥራ የሚለያዩባትን ቦታ መፈለግ እንጀራዋ ነው፤ ሰው ያልተጠየቀውን ሲመልስ ጆሮዋ እንደ ድመት ጆሮ ይቆማል። አባቷ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በስልክ፣ «ማሽንሽ ከእኔ ይሻላል፤ አንድ ቀን እንኳ አሞኝ አላለኝም» ብሏት ነበር።

«መቼ ነው የተበላሸው?» አለ ፍሳሽ። «ባለፈው ስመጣ እኔን ሁለት አስደግሞኛል።»

«እንግዲህ ማሽን አይደል» አለችና ሴትዮዋ ወደ ማድ ቤት ገባች። ስትገባ በሩን ዘጋችው።

በሩ ሲዘጋ የሟቹ ታላቅ እህት ጉልበቷን እያሸች ወንበሯን ወደ ኦዲተሯ አስጠጋች።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ፣ አክስቴ።»

«ያ በር ሲዘጋስ አየሽ?»

«አየሁ።»

«ጎረቤትየዋ የዚያን ቀን ጠዋት ማሽኑ ሲጮኽ ሰምታለች። የዚህ ሕንፃ ግድግዳ ወረቀት ነው፤ ሰው ሲያዛጋ እንኳ ይሰማል። ጮኸ ጮኸና ዝም አለ። እኩለ ቀን ላይ ወንድሜ ሶፋ ላይ ደርቆ ተገኘ። ማሽኑ ግን ከተበላሸ ቆይቷል!»

«ሐኪሙ ልብ ነው ብሏል እኮ።»

«ልብ! ልቡ ሳይቆም የሞተ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ኦዲተሯ ሳቋ መጣና ዋጠችው። አክስቷ ሴትዮዋን ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ዓይንሽን ላፈር እንዳለቻት ታውቃለች። ጠላት የሚናገረው ሁሉ ግን ሐሰት አይደለም፤ ይህንንም ሥራዋ አስተምሯታል።

ፍሳሽ በዚህ መሃል ወግ ጀምሯል። ሟቹ በሰፈሩ «ቆጣሪው» ነበር የሚባለው። ዕድሜ ልኩን በየደጁ እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ኖሯል። በማን ቤት እንግዳ እንደገባ፣ ማን ልጅ እንደወለደ፣ ማን ከባሏ ተጣልታ ወደ ወላጆቿ እንደሄደች ከቁጥሩ ይረዳል፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አይልም።

«እሷንስ ያገኛት በቆጣሪ አይደል!» አለ ፍሳሽ በአገጩ ወደ ማድ ቤቱ እያመለከተ። «ቆጣሪዋ አልዞር አለው። ይቺ ሴት ወይ አገር ለቃለች፣ ወይ ታማለች ብሎ በሩን ቢያንኳኳ፣ ለካ ትኩሳት ጥሏት ውሃ የሚያቀብላት አጥታ ተኝታለች። እሱ ባይደርስ ዛሬ የምናለቅሰው ለእሷ ነበር።»

«ያገኛት እናትሽ በሕይወት እያለች ይሁን ከሞተች በኋላ ጠይቂልኝ» አለች አክስቲቱ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ኦዲተሯ አልጠየቀችም። ቀድሞውንም ስታሰላው የኖረችው ነገር ነው።

አባቷ እናቷን ቀብሮ ብዙ ሳይቆይ ሲያገባ እሷ አልተጣላችውም፤ አኮረፈች። ኩርፊያ ደግሞ ከጠብ ይከፋል፤ ለጠብስ ሽማግሌ ይቀመጥለታል። ጡረታ ሲወጣ በራሷ እግር በመምጣት ፈንታ የኤስፕሬሶ ማሽን ላከችለት። የመመሪያው መጽሐፍ እሱ በማይችለው ቋንቋ የተጻፈ ነበርና ስልክ መደወል ጀመረ።

«የኔ ኦዲተር፣ ይሄ ውሃ የሚተፋበት አፉ በጎን በኩል ያፈሳል።»

«ጎማው ነው፣ አባዬ። የቡና ዱቄት ተጋግሮበት ይሆናል። በብሩሽ ፈግፍገው፤ እምቢ ካለ ይቀየራል።»

«የእንፋሎቱ ቱቦስ? ተዘጋ መሰለኝ።»

«ወተት አፍልተህ ሳትጠርገው ቀርተህ ነዋ! ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ፣ አላልኩህም?»

«ብለሽኛል። መስማት ፈልጌ ነው።»

ስለ ሚስቱ አትጠይቀውም፤ እሱም አያነሳላትም። ማጣሪያውን፣ ጎማውን፣ የጠብታ መቀበያውን ሳህን ያወራሉ፤ ከዚያ እሷ ስብሰባ አለብኝ ትላለች። አንድ ጊዜ «ግፊቱ ቀንሷል» ሲላት የማሽኑን ይሁን የራሱን አልጠየቀችም፤ ውሃ አሳልፍበት ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ማምሻው ላይ ለቀስተኛው ሳሳ አለ። ሴትዮዋ አንዲት አሮጊት ደግፋ ደረጃውን ስትወርድ ኦዲተሯ ማድ ቤት ገባች።

ማሽኑ ከግድግዳው ጥግ እንደ ሬሳ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ገለጠችው። ገላው ያብረቀርቃል። ባለ እጀታው ማጣሪያ ወልቆ፣ ታጥቦ፣ ተደፍቷል። የውሃ ማጠራቀሚያው እስከ ግማሹ ደፍርሶ የቆመ ውሃ ይዟል። ጣቷን ነከረችና አሸተተች። ቡና አይሸትም፤ ምን እንደሆነ አልለየችውም። ከቡና መውረጃው ስር የተቀመጠው ጎድጓዳ ሳህን ነጭ ነጭ ስብርባሪ ዘቅጦበታል። ከማሽኑ ጀርባ ደግሞ ምንም ያልተጻፈበት ማሰሮ አለ፤ ውስጡ ነጭ ዱቄት፣ ዱቄቱ ላይ ማንኪያ ተሰክቶበታል።

ማብሪያውን ተጫነችው። መብራቱ በራ። ቶሎ አጠፋችው።

ማጽጃ ይሆን? ብላ አሰበች። እሷ የላከችው ማጽጃ ግን ስሙ በተጻፈበት ከረጢት የታሸገ ነበር። ደግሞስ ማጽጃ ከሆነ መዋሸትን ምን አመጣው? ጨርቅ ማልበስንስ?

የእግር ኮቴ ሰማች። ጨርቁን መልሳ ወጣች፤ ጠርዙ ግን ተዛነፈ። ገርበብ ባለው በር በኩል አጮልቃ ስታይ፣ ሴትዮዋ ገብታ ጨርቁ ፊት ቆመች። አየችው። ጠርዙን ቀስ ብላ አስተካከለችና ማን እንደነካው ሳትጠይቅ ስኒ ወደ ማጠቡ ዞረች።

ኦዲተሯ ያየችውን ለአክስቷ ነገረቻት። በነገረቻት ቅጽበት ቆጫት፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

አክስቲቱ ዓይኗ በራ። «ነገ የቤተሰቡ ሽማግሎች ይቀመጣሉ። በሁሉም ፊት እጠይቃታለሁ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ያየሽውን ትመሰክሪያለሽ።»

«እርግጠኛ አይደለሁም እኮ።»

«እርግጠኛ እሷ ትሁን! ንጹሕ ከሆነች ትመልስ።»

ኦዲተሯ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ነገሩ አንዴ ከተነገረ እውነት ሆነ ሐሰት ለውጥ የለውም። ፍሳሽ ባለበት የተነገረ ነገር በከተማው አደባባይ የተነገረ ነው። ሴትዮዋ ሁለተኛ በዚህ ደረጃ ቀና ብላ አትወጣም። ዝም ብትልስ? አባቷን የገደለ ሰው የቀዳላትን ቡና ጠጥታ ልትሄድ ነው።

በማግስቱ ሽማግሎቹ ሳሎን ውስጥ ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ እሷ ማድ ቤት ገባችና በሩን ከውስጥ ዘጋችው። ሴትዮዋ ስኒ ታጥባለች። ኦዲተሯ ጨርቁን ገፈፈች፣ ብርጭቆ አነሳች፣ ከደፈረሰው ውሃ ቀዳችና ከሴትዮዋ ፊት አስቀመጠችው።

«ይጠጡት።»

ሴትዮዋ እጇን በሽርጧ አደረቀች። ብርጭቆውን አየች፤ ልጅቷን አየች።

«እስከዚህ ድረስ ነው?»

«ይጠጡትና ይንገሩኝ።»

አንስታ ጠጣች። ቀመስ ማድረግ አልነበረም፤ ተጎነጨችው። ዓይኗ ተጨፈነ፣ ከንፈሯ ተሰበሰበ፣ ትከሻዋ ሳይቀር ተኮማተረ።

«ሎሚ ነው» አለች ትንፋሿ ሲመለስ። «የሎሚ አሲድ። የላክሽለት ከረጢት ሲያልቅ ይሄንን ከገበያ ገዝቶ መበጥበጥ ጀመረ። የዚህ ሰፈር ውሃ ቀልጦ የሚወርድ ድንጋይ ነው ይላል፤ በማሽኑ አንጀት የተጋገረውን ድንጋይ የሚፍቀው ኮምጣጣ ነገር ነው። ልጨርሰው?»

ኦዲተሯ ብርጭቆውን ከእጇ ነጠቀቻት። ኦዲተር ናትና ራሷም ቀመሰችው። ጥርሷ ጠረሰ። ሎሚ ነው።

«ታዲያ ተበላሽቷል ለምን አሉ?»

«ምን ልበል? ፍሳሽ ፊት፣ አክስትሽ ፊት፣ ባሌ ነጭ ዱቄት በጥብጦ ተኛ ልበል? ሁለተኛ ሚስት ነኝ እኮ፣ ልጄ። የሁለተኛ ሚስት ጨው እንኳ መርዝ ነው።»

«ደፍተውት ቢሆን ማን ያውቅ ነበር?»

«ልደፋው ስንት ጊዜ ቆሜያለሁ። እጄ እምቢ አለኝ። እሱ የጀመረው ነው። ስነቃ አጥበዋለሁ፣ እንዳትነኪው ብሎኝ ነው የተኛው።»

«ስነቃ?»

«ማሽኑን ሲያስተኛ እሱም ይተኛ የለ!» አለች ሴትዮዋ፣ ልጅቷ ይህን አለማወቋ እየገረማት። «ግማሹን ውሃ ያሳልፍበትና ያጠፋዋል። ከዚያ ሶፋው ላይ ጋደም ይላል። በሰዓት ለካው ብለው አይሰማኝም። ልጄ መጽሐፉን አንብባልኛለች፣ ሰው ሸለብ አድርጎት እስኪነቃ ይቆይ ይላል፤ መጽሐፉ እንቅልፍ ካለ እንቅልፍ ነው ይለኛል። ማሽኑ ሲተኛ እዚህ ቤት ድምፅ አይሰማም። ስኒ እንኳ አላጥብም። የዚያን ቀን ረዘመ። ደክሞታል አልኩ። እኔ ዝም ባልኩ ጊዜ እሱ መጥቶ በሬን አንኳኳ። እሱ ዝም ሲል እኔ...»

የማሽኑን ጨርቅ አንስታ አጠፈችው።

መጽሐፉ እንቅልፍ አይልም። መጽሐፉ ውስጥ ያለው የደቂቃ ቁጥር ነው። አባቷ ስንት ደቂቃ ይቆይ ብሎ የደወለላት ቀን ኦዲተሯ ወደ ስብሰባ እየሮጠች ነበር። ገጹ ስልኳ ላይ አልከፈት ሲላት፣ «ምን ላውቅ፣ አባዬ፣ አንተም ጋደም በል፣ ሸለብ አድርጎህ እስክትነቃ ይበቃዋል» አለችው። እሱ ሳቀ። አብራው ሳትስቅ ዘጋችው። ቀልድ መሆኑ ሳይገባው አልቀረም፤ ግን ከእሷ የመጣለት ስለሆነ ሕግ አደረገው።

«ቀስቅሰውት ቢሆን ኖሮ...» አለች።

«ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ» አለች ሴትዮዋ ፈጥና። «ገና ጋደም እንዳለ ነው ያለፈው አለኝ። ቢቀሰቅሱትም ያው ነበር አለኝ።»

ኦዲተሯ ፊቷን አጠናችው። ሐኪሙ ብሎት ይሁን፣ ሴትዮዋ ራርታላት አሁን የፈጠረችው ይሁን፣ ፊቷ ላይ አልተጻፈም። ያልተጠየቀችውን ፈጥና መለሰች። የሐኪሙ ክሊኒክ ሩቅ አይደለም፤ ሄዶ ማጣራት ይቻላል። አምና ይሁን ሳታምን ለራሷም አልታወቃትም፤ ብቻ ዳግመኛ አልጠየቀችም።

በሩ ተንኳኳና ወዲያው ተከፈተ። አክስቲቱ ናት፤ ከትከሻዋ በላይ የፍሳሽ አንገት ተመዟል።

«ሽማግሎቹ ተቀምጠዋል እኮ! ነይ እንጂ፣ የምንነጋገረው አለ።»

«ማሽኑን እያጠብን ነው፣ አክስቴ።»

«ከማን ጋር?»

«ከአባዬ ሚስት ጋር። አባዬ ጀምሮት ነበር።»

«ያ ያልሽኝ ነገርስ?»

«ሎሚ ነው። እኔም ቀምሼዋለሁ።» ብርጭቆውን ዘረጋችላት። «ካላመንሽኝ ቅመሺው።»

አክስቲቱ ብርጭቆውን አየች፣ ሴትዮዋን አየች። «ሎሚ ለጨጓራዬ አይስማማኝም» አለችና ወደኋላ ተመለሰች። ያመነች አትመስልም። ብቻዋን ግን አትናገርም፤ ምስክሯ ከድታታለች።

«ተበላሽቷል አላላችሁም ነበር?» አለ ፍሳሽ።

«ተነስቷል» አለች ኦዲተሯ፣ በሩን ፊቱ ላይ እየገፋች።

የቀረውን ውሃ ደፉት። ማጠራቀሚያውን አለቀለቁና ንጹሕ ውሃ ሞሉት። አንዷ ቅደም ተከተሉን ታውቃለች፣ ሌላዋ የትኛው ቁልፍ ጠበቅ እንደሚል ታውቃለች። ማሽኑ አጓራ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ነጭ ስብርባሪ ተፋ። እንደገና ሞሉት፤ በእንፋሎቱ ቱቦም አሳለፉበት። ሴትዮዋ ከሚወርደው በመዳፏ እየተቀበለች ትቀምሳለች፤ «ገና ነው» ትላለች። «ገና ነው።» በመጨረሻ መዳፏን ወደ ልጅቷ ዘረጋች። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ቀመሰች። ውሃ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

«አሁን ቡና ይወጣበትና ይደፋል» አለች ሴትዮዋ ማጣሪያውን ቡና እየሞላች። «ከእጥበት በኋላ የመጀመሪያው አይጠጣም። ማሽኑ አፉን የሚጉመጠመጥበት ነው ይለዋል።»

ቡናው በቀጭኑ ወረደ፤ ከላዩ ወርቃማ አረፋ ያዘ። ሴትዮዋ ወደ ታጠቡት ስኒዎች ዞረች። ሳሎን ውስጥ ሽማግሎቹ እያሳሉ ይጠብቃሉ።

ኦዲተሯ ስኒውን ይዛ ወደ ማጠቢያው ሄደች። አዘነበለችው። ጠርዙ ድረስ የደረሰው አረፋ ሳይፈስ ቀና አደረገችው። መልሳ ከማሽኑ ጎን አስቀመጠችውና፣ አባቷ እስኪነቃ እንዳይቀዘቅዝ ይመስል፣ የስኒ ማስቀመጫውን ከላዩ ከደነችበት።