የክንፈ ቀን

ባሌ ጀብሪል ከዓደን ይዞት የመጣው ሻንጣ፣ መካነ ሰላም ከገባን በኋላ ዘጠኝ ወር ሙሉ ገመዱ አልተፈታም። ማለቴ፣ ሸሚዝ ሊያወጣ ይፈታዋል፤ አጥቤ ስሰጠው ግን አጣጥፎ ይመልስና እንደገና ያስረዋል። «ሳጥን አለን እኮ» ስለው «ነገ» ይለኛል። በዚያ ገመድ ስንቴ እንደተናደድኩ የማውቀው እኔ ነኝ።

የተገናኘነው አሰብ ነው። እኔ የወደብ ሠራተኞች በሚበሉበት ቤት ወጥ እሠራ ነበር፤ እሱ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ልብስ ይሰፋ ነበር። ተጋባን። በ1973 አባቴ አራጌ እግራቸውን ታመው መሬቱን የሚያይላቸው ሲያጡ «አገሬ እንግባ» አልኩት፤ አላንገራገረም። ሲንጀር የስፌት መኪናውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በጭነት መኪና ላይ እንደ ሕፃን አቅፎት መጣ።

ለመኖር እኔን ማግባቱ በቃው። ለመሥራት ግን አልበቃውም፤ የአሰቡ ፈቃድ ለአሰብ ብቻ ነበር አሉን። ደሴ ያለው መሥሪያ ቤት አንድ ቅጽ ሰጠን። የከተማው ልብስ ሰፊዎች ማኅበር «ያስፈልገናል» ብሎ ካልፈረመበት የሥራ ፈቃድ የለም። ቅጹ እስከ ኅዳር መጨረሻ ካልተመለሰ ፋይሉ ይዘጋል። ያለ ፈቃድ ሲሠራ ከተገኘ ደግሞ ወደ መጣበት ይሸኛል።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጎረቤታችን ክንፈ ነው። ክንፈ ክፉ ሰው አይደለም፤ ለእንጀራው የሚፈራ ሰው ነው። ቅጹን ትቼለት ሦስት ጊዜ ሄድኩበት። መጀመሪያ ማኅተሙ ተቆልፎበታል አለኝ። ቀጥሎ ስብሰባ መጠራት አለበት አለኝ። በሦስተኛው ጊዜ፣ ዓይን ዓይኔን ሳያይ፣ ከተማዋ ላለነው ሰፊዎችም አትበቃ አለኝ። «ሱሪህን ማን እንደሚሰፋልህ እናያለን» ብዬ በሩን በኃይል ዘግቼበት ወጣሁ። ለልብስ ሰፊ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ግን ከአፌ ወጣ።

ጀብሪል እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አያውቅበትም። ሲንጀሩን በየቀኑ ይወለውላል፣ ዘይት ያጠጣል፣ መልሶ ይሸፍነዋል። አንድ ቀን ራት ላይ ጉርሻውን አስቀመጠና እንዲህ አለኝ፤

«ሐረግ፣ የአባትሽን እንጀራ በልቼ መቀመጥ አልችልም። ፈቃዱ ካልመጣ ዓደን ሄጄ ሠርቼ እልክልሻለሁ።»

እልክልሻለሁ አለ እንጂ እመለሳለሁ አላለም። እኔም ፈርቼ አልጠየቅኩትም።

ኅዳር ሲገባ ገብሳችን ደርሶ ሳለ ሰማዩ ጠቆረ። አባቴ ወንፈል ጠሩ። ወንፈል ደሞዝ የለውም፤ ዛሬ አንድ ቀን ለሠራህልኝ፣ ነገ አንድ ቀን ሠርቼ እመልስልሃለሁ ነው። ክንፈም ሱቁን ዘግቶ ማጭድ ይዞ መጣ። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ እሱ ቢቀር ስለሚያፍር ነው እንጂ ወዶ አይመስለኝም። ያም ሆነ ይህ፣ ገብሱ ዝናብ ሳይነካው ተከመረ።

አባቴ መቆም ስላልቻሉ ቀኑን የሚመልሰው ጀብሪል ሆነ። እየዞረ ለሁሉም አጨደ፣ ወቃ። መርፌ የለመደ እጁ ውኃ ቋጠረ። በመጨረሻ አንድ ቀን ቀረ፤ የክንፈ ቀን። ክንፈ ደግሞ መሬት የለውም፤ ያለው የልብስ ስፌት ሱቅ ነው። አባቴ ምንም ሳይመስላቸው «እንግዲያው ሱቁ ይዋልለት» አሉ።

ደሜ ፈላ። «አባዬ፣ ቤቴን ሊያፈርሱብኝ ነው?» አልኳቸው። ፈቃድ የለውም፣ ቢያዩት ያባርሩታል ብዬ ጮህኩ።

«ወላሂ፣ የሰው ቀን በላዬ ይዤ አልተኛም» አሉ። «ክንፈ ቢከፋብን ያጨደው ገብስ አልከፋብንም።»

ጀብሪል መቀሱን ይዞ ሄደ። እኔም ለጠብ ተዘጋጅቼ ተከተልኩት። «ቀንህን ልመልስ መጣሁ» ሲለው ክንፈ ግራ ገባው። የወንፈል ቀን ሲመልሱለት አልቀበልም የሚል ሰው ግን እኛ አገር አልተወለደም። ወንበሩን ገፋ አደረገለት። ጀብሪል እስከ ምሳ ሦስት የተማሪ ሱሪ ጨረሰ። ክንፈ አንዱን አንስቶ ስፌቱን ወደ ብርሃን እያዞረ ለረጅም ጊዜ አየው።

ከቀትር በኋላ አንድ ቦርሳ የያዘ ሰው በሩ ላይ ቆመ። ደሴ ቅጹን የሰጠን ጓድ ተረፈ ነበር፤ በየከተማው እየዞረ ቅጽ ይሰበስባል። ጀብሪልን ወዲያው አወቀው። የስፌቱ መኪና ድምፅ ቀጥ አለ። ያ ሻንጣ ዓይኔ ላይ መጣ።

«ይህ ሰው እዚህ ምን ያደርጋል?» አለ ወደ ክንፈ ዞሮ።

ክንፈ «ሳላውቅ መጥቶ ተቀመጠ» ቢለው ጀብሪል በማግስቱ መኪና ላይ ነው፤ ክንፈም ይገላገለናል። ክንፈ እኔን አየ፣ ሱሪዎቹን አየ፣ ግንባሩን በክንዱ ጠረገ።

«ወንፈል ነው» አለ። «ገብሳቸውን አጭጄላቸው ነበር፤ ቀኔን እየመለሰልኝ ነው።»

ጓድ ተረፈ የደጎሎ ገበሬ ልጅ ነው፤ ይህን በኋላ ነው የሰማሁት። ስለ ወንፈል የሚነግረው ሰው አላስፈለገውም። ስንት ትከፍለዋለህ ብሎም አልጠየቀም። ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

«ወንፈል የሚገቡት ከአገር ሰው ጋር ነው» አለው። «ወንፈል ከገባህ ቅጹን ለምን አልፈረምክለትም?»

 ክንፈ መሳቢያውን ሳብ ሲያደርገው ማኅተሙ ከቅጻችን ጋር እዚያው ተቀምጧል፤ መሳቢያው የቁልፍ ቀዳዳ እንኳ የለውም። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሴን ያዝኩ። ፈርሞ ማኅተሙን ቅጹ ላይ ሲያሳርፍ ግን «አልሃምዱሊላህ» ማለቴን ሱቁ ሁሉ ሰማ።

ፈቃዱ በጥር መጣ፤ ፎቶው ያለበት፣ ስሙ በአማርኛ የተጻፈበት። አባቴ ሦስቴ አስነበቡኝ። በዚያች ሌሊት ያለ ሐሳብ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ጀብሪል ሸሚዞቹን ሳጥኑ ውስጥ ደርድሯል፤ ሻንጣው አፉን ከፍቶ ባዶውን ተቀምጧል። ገመዱ ግን የለም።

ስፈልገው ከክንፈ ጋር ሱቁ ውስጥ አገኘሁት። ሲንጀሩ ከክንፈ መኪና ጎን ተተክሏል። ጀብሪል ወንበር ላይ ቆሞ፣ የተሰፋ ልብስ የሚሰቀልበት ገመድ ከግድግዳ ግድግዳ እየወጠረ ነበር፤ የሻንጣው ገመድ ነው። በዚያኛው ጫፍ ክንፈ እየጎተተ «አጥብቀህ እሰር፣ ይረግባል» ይለዋል። በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።