ዝም ያለው ጓሮ

ባለቤቴ ሽመክት ያረፈው በኅዳር መጨረሻ ነው። ከቀብሩ ማግስት እስከ አርባው ድረስ እንቅልፍ አላስቸገረኝም። እንዲያውም መተኛቴ ነበር የሚያሳፍረኝ። ሊያጸናኑኝ አብረውኝ የሚያድሩት ሴቶች ማንኮራፋቴን ሲሰሙ ያድሩና ጠዋት «እግዜር ጽናቱን ሰጣት» ይሉልኛል። ጎረቤቴ እንቁ ግን «ጽናት ነው ወይስ ዕረፍት?» ብላ ስትስቅ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ።

ቤታችን ቆሰበር ነው፤ አሁን ሰው ሁሉ እንጅባራ የሚለው። ጓሮው በሙሉ ቀርከሃ ነበር። ሽመክት እኔን ባገባበት ዓመት የተከለው ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ነፋስ ሲነካው ቅጠሉ ይንሿሿል፤ ግንዱ እርስ በርሱ ሲፋተግ ደግሞ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም ነበር። ሙሽራ ሆኜ በመጣሁበት ሰሞን «ጓሮ ሰው አለ» ብዬ ሽመክትን ቀሰቀስኩት።

«አለ» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ። «እኔ የተከልኩት ሰው ነው። ተኚ።»

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ድምፅ አስቤ አላውቅም። ሰው ስለ ትንፋሹ መቼ ያስባል?

ለአርባው ዳስ መጣል ነበረበት። የእድሩ ድንኳን ሌላ ለቅሶ ቤት ተተክሏል። የእድራችን ዳኛ አቶ ምህረቴ ጓሮውን ቃኘት አድርገው «እታለማሁ፣ ከዚህ ብንቆርጥ ይከፋሻል?» አሉኝ።

«ለእሱ ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው? ቁረጡ» አልኩ።

ሽመክት ሲቆርጥ ያረጀውን መርጦ ነበር፤ ሦስት ዓመት ያልሞላውን አይነካም። የእድሩ ልጆች ግን ቸኩለዋል፤ ደግሞም ስለሚወዱት ዳሱን ለማስፋት ነው። ከዳር እስከ ዳር አጨዱት። ዳሱ አማረ። ያ ሁሉ ሰው ሳይጨናነቅ በላበት። «በገዛ ቀርከሃው ጥላ ሥር ተዘከረ» እያለ ሰው ሲያመሰግን እኔም ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ዳሱ የፈረሰ ቀን እንቅልፌም አብሮ ፈረሰ። እጋደማለሁ፤ ምንም የለም። የገዛ ልቤ ይመታል፣ እሱን አዳምጣለሁ። ሩቅ ውሻ ከጮኸ በርግጌ እነሳለሁ። እንቁ በሯን ስትዘጋ እነሳለሁ። ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። ሰዉ «ሐዘኑ አሁን ገና ገባት» አለ። እኔም አመንኩ። ጸበል ተጠመቅሁ፤ ለሰባት ቀን ደህና መስሎኝ ነበር፤ ደህና ያልኩት ድካሙን ነው።

ገበያው አጠገብ ከምስጋናው ልብስ ስፌት ቤት የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። አራት የስፌት መኪና ባንድ ክፍል ሲንጫጫ ዓይኔ ይከደናል። ቤቴ እምቢ ያለው እንቅልፍ እዚያ መርፌ ሥር ይመጣል። አንድ ቀን ምስጋናው ሱሪ አንጠልጥሎ ፊቴ ቆመ።

«እትዬ፣ ይሄን ይመልከቱልኝ።»

አየሁት። ሁለቱም እግሩ የግራ ነው።

«ይሄን የሚለብስ ተማሪ ከየት ላምጣ? ወይስ ከእንቅልፍዎ ጋር አብረው ያመጡልኛል?»

ሌሎቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን እህቴ ሀይማኖት ከዳንግላ ስትደውል ነገርኳት፤ መንገሬ ጥፋት ነበር።

«በቃ» አለች። ታላቄ ናት፤ በቃ ካለች በቃ ነው። «አንቺን የሚበላሽ ያ ቤት ነው። ባልሽ በየጥጉ እየታየሽ እንዴት ትተኛለሽ? ቤቱን አከራይተሽ እኔ ጋ ትመጫለሽ።»

«እቴ፣ ቤቴን ትቼ የት እሄዳለሁ?»

«የት? ወደ እኔ ነዋ! የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ከተኛሽ ተኛሽ፤ ካልተኛሽ አልጋሽን ጠቅልለሽ ጠብቂኝ።»

አለመተኛቴ እውነት ነው። ግን ከዚያ ቤት ከወጣሁ ሽመክትን ለሁለተኛ ጊዜ የምቀብረው መሰለኝ።

ከግቢው አንዷን ክፍል የተከራየችው ናርዶስ የምትባል የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች። ግድግዳችን ስስ ነው። ማታ ማታ ከእሷ በኩል እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም ነገር እሰማለሁ። እሑድ ጠዋት ልብስ ስታጥብ ጠየቅኋት።

«ቬንቲሌተር ነው» አለች አንገቷን ደፍታ።

«በቆሰበር ብርድ? ልጄ፣ ጤነኛ ነሽ?»

«ነፋሱ አይደለም እትዬ፣ ድምፁ ነው። ከስልኬ ነው የምከፍተው። ድሬ ቬንቲሌተር ሳይዞር የሚተኛ የለም። እዚህ ስመጣ ጸጥታው ጆሮዬን አሳመመኝ፤ ወር ሙሉ አልተኛሁም። በኋላ ነው የገባኝ።» ካልሲ ጨመቀችና «እርስዎ በፊት በምን ድምፅ ነበር የሚተኙት?» አለችኝ።

«በምንም» አልኩ።

ካልኩ በኋላ ወደ ጓሮ ዞር አልኩ። የተቆረጠው ጉቶ ጉልበት እንኳ አይደርስም። ከዚያ ባሻገር የእንቁ አጥር፣ ከአጥሩ ባሻገር ሜዳው ወለል ብሎ ይታያል። ነፋስ ነበር፤ አቧራ ያነሳል። የሚነካው ግን አጥቶ ዝም ብሎ ያልፋል።

«በቀርከሃው ነበር» አልኳት።

ያን ሰሞን በስልኬ ላይ ዝናብ ጫነችልኝ። ዝናቡ ሲወርድ የተሰጣ በርበሬ ትዝ ብሎኝ ሁለቴ ብድግ ብዬ ወጣሁ፤ በየካቲት፣ ሰማዩ በኮከብ ተሞልቶ! የባሕር ሞገድ አመጣችልኝ፤ ባሕር በዓይኔ አላየሁም፣ ሊወስደኝ የመጣ እንጂ ሊያስተኛኝ የመጣ አልመሰለኝም። ቬንቲሌተሯንም ሞከርኩት፤ እሱ የምስጋናውን መኪና እያስታወሰኝ ሱሪ ስሰፋ አደርኩ።

«እንግዲያው የራስዎን ቀርከሃ እንፈልግ» አለች።

ጥርባ ከሚባለው ገጠር የሽመክት ያጎት ልጅ ይኸነው አለ፤ ገበሬ ነው፣ ከቤቱ ኋላ ሰፊ ቀርከሃ አለው። ለቅዳሜ ሦስት ቀን ሲቀር በሚኒባስ ሄድን። ይኸነው ማጭዱን ይዞ ወጣ።

«ስንት ልቁረጥላችሁ?»

«ምንም አትቁረጥ አያ ይኸነው» አልኩት። «ልንሰማው ነው።»

እኔን አየ፣ ናርዶስን አየ። ቤት ውስጥ ላለችው ሚስቱ በአዊኛ አንድ ነገር ጮኾ ነገራት፤ ከውስጥ ሳቋ ተሰማ። «ከተማ ስትገቡ እንዲህ ነው የምትሆኑት? ቀርከሃ ሊያዳምጡ በመኪና! መግቢያ ላስከፍል እንዴ?» አለ ይኸነው።

ነገሩን ስነግረው ግን ሳቁን አቆመ። ናርዶስ ድምፁን እንዲቀዳ ስልኬን በነጠላዬ ጫፍ ጠቅልላ ግንድ ላይ አሰረችው።

«አንድ ሰዓት ማንም እንዳይናገር» አለች። «እርስዎም ጋሼ።»

«አንድ ሰዓት? እኔ ቅዳሴ ላይ እንኳ አልችልም» አለ። ተቀመጥን። ነፋሱ መጣ፤ ቅጠሉ ተንሿሿ፤ ግንዱ ሲጢጥ አለ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ከእንባው ኋላ ደግሞ ማዛጋት መጣብኝ። ግማሽ ላይ ሲደርስ የይኸነው ላም እምቧ አለች። «ይቺ ደግሞ እወቁኝ ባይ ናት!» አለ ይኸነው፤ ወዲያው አፉን በመዳፉ ከደነ።

የቀዳነውን ስልኬ ሌሊቱን እየደጋገመ ሲያሰማኝ፣ የመጀመሪያዋን ምሽት ላሚቱ ቀሰቀሰችኝ፤ የይኸነውን ድምፅ ሰምቼ ጨለማ ውስጥ ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅሁ። ሽመክት ካረፈ ወዲህ ብቻዬን ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። በሁለተኛው ቀን ላሚቱን በሕልሜ ሰማኋት። በሦስተኛው ቀን የሆነውን ሰው ነግሮኝ ነው የማውቀው።

ሀይማኖት ቅዳሜ ጠዋት መኪና ይዛ ደርሳለች። በሩን አንኳኳች፤ መልስ የለም። ናርዶስ ሥራ ሄዳለች። መስኮቱን ደበደበች፤ የለሁም። ከዚያ ያቺ እህቴ ድምፅዋን ለቀቀችው፦ «እታለማሁዬን! ባሏን ተከትላ ሄደች!» መንደሩ ወጣ። አቶ ምህረቴ በዚያ ዕድሜያቸው በሩን በትከሻቸው ገጩት፤ ሁለተኛው ላይ መቀርቀሪያው ተነቀለ።

ዓይኔን ስገልጥ አልጋዬን ስድስት ሰው ከቦታል። እንቁ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለለቅሶ ለብሳለች።

«ምነው? ማን ሞተ?» አልኩ።

ሀይማኖት ትከሻዬን በጥፊ አለችኝ፤ ቀጥላ አቅፋኝ አለቀሰች፤ ከዚያ ሳቀች። «ሦስት ሰዓት ሆኗል! ሦስት ሰዓት! በር ሲሰበር የማይሰማ ምን ዓይነት እንቅልፍ ነው?»

አቶ ምህረቴ ግን ስልኩን እያዳመጡ ነበር። ትራሴ አጠገብ ይንሿሿል። ወደ ጓሮው በኩል ዞር አሉ፤ ገባቸው።

«እንቅልፍ የነሳንሽ እኛ ነን» አሉ ቀስ ብለው።

«ቁረጡ ያልኩት እኔ ነኝ አባቴ። ለእሱ ነው፤ አልቆጨኝም።»

ባለመኪናው ደጅ ላይ ጡሩንባውን ነፋ። ሀይማኖት ባዶውን መለሰችው፤ ግን ልቧ አላረፈም። «አንድ ቀን አድሬ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» አለችና አብራኝ ተኛች።

ጠዋት እኔ ስነቃ እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ጫማዋን አድርጋ ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«እቴ፣ አልተኛሽም?»

«በየት በኩል! ሌሊቱን ሙሉ ሹሹ፣ ሲጢጥ፣ ደግሞ ላም! አንቺ እዚህ ኑሪ፤ እኔን ዳንግላ አድርሱኝ።»

መናኸሪያ ድረስ በባጃጅ ሸኘኋት። ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ሞተሩን አስነስቶ ይንዘፈዘፋል፤ ረዳቱ «ዳንግላ! ዳንግላ!» እያለ በሩን ይደበድባል። በመስኮቱ ልሰናበታት ስጠጋ ሀይማኖት መስታወቱን ተደግፋ ታንኮራፋለች። አልቀሰቀስኳትም።