የት እንዳሉ አናውቅም

ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ የሞንጎሎች አዲስ ዓመት ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በዴጆን ከተማ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፕሮፌሰር ማ፣ ከተማሪዎቹ ሁሉ አንጋፋ የሆነው ጁንሶክ፣ ሞንጎሊያዊው ቢልጉን እና በሐሰት ኢሜይል ማጥመጃ የተያዙት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ነበር። የተያዙት እንደ ደንቡ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው፣ በመስኮቱ በኩል፣ የቢልጉን አገር ልጅ ሶሎንጎ ነበረች።

ቢልጉን ሲያያት የያዘው የፕሮጀክተር ገመድ ከእጁ ወደቀ።

ቢልጉን የሳይበር ደህንነት ምህንድስና የሚማርበት ቤተ ሙከራ በየዓመቱ የዩኒቨርሲቲውን ሰዎች ለመፈተን የሐሰት ኢሜይል ይልካል። አምኖ የይለፍ ቃሉን የጻፈ ሰው ተያዘ ይባላል። ምንም አይወሰድበትም፤ መጥቶ ትምህርት ብቻ ይሰማል። ዘንድሮ ማጥመጃውን የመጻፍ ተራው የቢልጉን ነበር። ጁንሶክ አምና እሱ የላከው የነጻ ቡና ግብዣ ማንንም እንዳልያዘ ነግሮት፣ አንተን ደግሞ እናይሃለን፣ የፈረሰኛ አገር ልጅ እያለ ቀልዶበታል። ቢልጉን በስብሰባ ላይ ስሙ ሲጠራ አንገቱ ድረስ የሚቀላ ልጅ ነው። ለአንድ ጊዜ እንኳ ጎበዝ መባል አማረው።

እናም በሰው አገር የሚኖርን ሰው ምን እንደሚያስፈራው አሰበ። ኮሪያ ውስጥ ቤት የቀየረ የውጭ አገር ሰው አዲሱን አድራሻውን ቶሎ ማስመዝገብ አለበት። ይህን ያስተማረችው ሶሎንጎ ነበረች። ከአውቶቡስ ጣቢያ የተቀበለችው፣ ለመጀመሪያው ብርድ ካፖርት የሰጠችው፣ እንደ ታላቅ እህት የያዘችው እሷ ናት። በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች። አንድ እሑድ አብረው ሰሃን ሲያጥቡ፣ ድሮ ማስመዝገቡን ረስታ ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ስለደረሳት ወረቀት አጫወተችው።

"ያስለቀሰኝ ቅጣቱ እንዳይመስልህ" አለችው። "'የት እንዳሉ አናውቅም' ይላል። እኔ እኮ እዚሁ ነበርኩ፣ ሰሃን እያጠብኩ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ያሳፍራል።"

ቢልጉን ያችን ቃል ከኢሚግሬሽን የመጣ ባስመሰለው ማጥመጃ አናት ላይ አስቀመጣት።

እንደዚያ ብዙ ሰው የያዘ ማጥመጃ በቤተ ሙከራው ታይቶ አያውቅም። ለዚሁ በተደረገ የምሳ ግብዣ ላይ ፕሮፌሰሩ በገዛ እጃቸው መጠጥ ቀዱለት፤ እሱም በሁለት እጁ ተቀበለ። የሐሙሱን ትምህርትም አንተው ትሰጣለህ አሉት። የተያዙትን ስም ከጁንሶክ በቀር ያየ አልነበረም።

አሁን መልእክቱ ግድግዳው ላይ በትልቁ በርቷል። ቢልጉን አጎንብሶ አስረዳ። ከዚያ ጁንሶክ፣ ለሌላው ትምህርት እንዲሆን፣ እያንዳንዱ ያደረገውን እንዲናገር ጠየቀ። ሶሎንጎ ተነሳች። በመከር ቤት እንደቀየረች፣ አድራሻዋንም በደንብ እንዳስመዘገበች፣ መልእክቱን ስታነብ ግን የገዛ ራሷን ማመን እንዳቃታት ተናገረች። በቃ ሊያባርሩኝ ነው ብላ ሻንጣዋን አዘጋጅታ፣ የሩዝ ማብሰያዋን ለጎረቤቷ ሰጥታ፣ ከሥራ ቀርታ ኢሚግሬሽን ሄደች። እዚያ ያለችው ሠራተኛ መልእክቱን አይታ ሳቀችባት።

"ማብሰያውንስ አስመለሱት?" አለ ጁንሶክ።

"የሰጡትን እንዴት ይጠይቃሉ? ሩዝ ሲያምረኝ ሄጄ በሯን አንኳኳለሁ።"

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እሷም አብራ ሳቀች። ሳትቀመጥ ግድግዳውን ደግማ አነበበችና ማን እንደጻፈው ጠየቀች።

ፕሮፌሰር ማ ክብሩን ለባለቤቱ ትተው ወደ ቢልጉን ፈገግ አሉ።

"ቤተ ሙከራው ነው" አለ ቢልጉን። "በጋራ።"

ፕሮፌሰሩ ትሕትና መስሏቸው ራሳቸውን በደስታ ነቀነቁ። ሶሎንጎ ተቀመጠች። ትምህርቱ ሲያልቅ ነገ ቤቷ ከሚደረገው በዓል እንዳይቀር፣ በሥጋ የሚሞላውን የበዓል ሊጥ የሚዳምጥላት ሰው ስለሌላት ቀደም ብሎ እንዲመጣ ነግራው ወጣች።

ቀደም ብሎ አልሄደም። እየፈራ ሲደርስ የአገሩ ልጆች የሶሎንጎን ክፍል ሞልተው፣ የበዓሉ ሰላምታ ተጀምሮ ነበር። ሞንጎሎች ነጩ ወር በሚሉት አዲስ ዓመታቸው መግቢያ ታናሽ ታላቁን ሰላም የሚለው ሁለት እጁን ከታላቁ ክርኖች ሥር አድርጎ፣ ደግፎ ነው። ከሁሉም ታላቋ ሶሎንጎ ስለሆነች በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ሌሎቹ በዕድሜያቸው ተሰልፈዋል። ቢልጉን መጨረሻ አካባቢ ነው። ወደፊት በተራመደ ቁጥር የሚለው ነገር ከአፉ ይጠፋበታል።

ተራው ሲደርስ እጆቿን ዘረጋችለት። ከክርኖቿ ሥር ደገፋት።

"እትዬ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለች በቀስታ። "ትናንት ስጠይቅ የጠየቅኩት አንተን ነበር።" እጆቿን አላነሳችም። "የት እንዳለሁ የምታውቀው አንተ ነበርክ፣ ልጄ። በል እለፍ፤ ከኋላህ ሰው ቆሟል።"

አለፈ። ምግብ ሲቀርብ ለእሱም እንደ ሌላው እኩል አስቀመጠችለት፤ ዓይኑን ከሰሃኑ ሳያነሳ በላ።

ሰኞ ዕለት ፕሮፌሰር ማ ዘንድ ሄዶ ማጥመጃው ከቤተ ሙከራው እንዲወጣለት ለመነ። እሳቸው የሠራ ነገር አይጣልም አሉት። አዲሱ ሴሚስተር ሲከፈት፣ መልእክቱ ለአዲስ ገቢ የውጭ አገር ተማሪዎች ሁሉ ተላከ።